ከሰሉ ደጅ ይደር፦ ሳንባችን እንዴት እንደሚሠራ

የደብረ ታቦር የኅዳር ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያደረበት ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት አንበሳሜ ዘመድ ጥየቃ ሄደን ስንመለስ፣ ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት አደርን። አክስቴ "ልጆቹ እንዳይበርዳቸው" ብለው ቡና የተፈላበትን ከሰል ከነምድጃው መኝታ ክፍል አስገቡልን። በሩም መስኮቱም ተዘጋ። ሌሊት ራሴን ሊፈልጠው ሲደርስ ነቃሁ፤ የአራት ዓመቷ ልጄ ደግሞ ያስመልሳታል። አክስቴ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ፍለጋ በሩን ከፍተው ወጡ። ያዳነን ግን ዳማከሴው ሳይሆን የተከፈተው በር ነበር።

ያ ሌሊት ምን እንደሆንን ለመረዳት፣ እስኪ አንድ ትንፋሽ አብረን እንከተል።

አየር በአፍንጫ ሲገባ ይሞቃል፣ ይረጥባል፤ አቧራውም በፀጉርና በንፍጥ ይያዛል። ልጆችዎን "አፍህን ዝጋ፣ በአፍንጫህ ተንፍስ" የሚሉት በከንቱ አይደለም። ከዚያ አየሩ በጉሮሮ አልፎ ወደ ዋናው የአየር ቧንቧ ይወርዳል። ቧንቧው ለቀኝና ለግራ ሳንባ ተከፍሎ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ ሄዶ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ላይ ያበቃል። በአዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ እነዚህ ከረጢቶች ከ300 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ቢዘረጉ ወደ 70 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ፤ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ማለት ነው።

ሳንባ በራሱ አይነፋም። ከሥሩ ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲሳብ ደረት ይሰፋል፣ አየርም ይገባል፤ ሲመለስ አየሩ ይወጣል። የአንጥረኛን ወናፍ ያስቡ። ይህ በአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይደጋገማል። በከረጢቶቹ ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ፣ ሄሞግሎቢን የተባለው የደም ክፍል ኦክስጅኑን ይጭናል፤ የተቃጠለውም አየር ይወጣል።

ከፍታ ሲጨምር ነገሩ ይከብዳል። ከአንበሳሜ ተነስተው ደብረ ታቦርን አልፈው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጉናን ሲወጡ ቁና ቁና ቢተነፍሱ አይገረሙ። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚያም 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ያንሳል። ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር ጉድለቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ነው።

የአገራችን ደገኛ ግን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክስጅን፣ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ የደማቸው ኦክስጅን ይቀንሳል።

እንዲህ ያለውን ሰውነት ታዲያ አንድ ምድጃ ከሰል ያሸንፈዋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ሄሞግሎቢንን ይይዛል። ሳንባዎ ይሠራል፣ ደምዎ ግን የሚጭነው መርዝ ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ "ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል" የሚለው አባባል አያድንም።

እርስዎስ ምን ያድርጉ? ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይክፈቱ። ከሰል መኝታ ቤት ፈጽሞ አያስገቡ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው፣ ሁሉንም ወደ ደጅ አውጥተው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሕፃን አዝሎ ጭስ ባለበት ማዕድ ቤት እንጀራ መጋገርም ይቅር፤ ጭስ ልጆችን ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

የሚያስል ልጅ ካለዎት፣ ተረጋግቶ ሳለ ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ነገ አይበሉ፤ ሐኪም ያሳዩት።

አክስቴ ዛሬ ብርድ ሲጠና ጋቢ ይደርባሉ። ምድጃው ደጅ ያድራል።