የተዋጊው እግር የት ይቁም?
(ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ሥዕሎች አከፋፈልና አቀማመጥ)



ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ የቈሰሉበትን ታሪክ በኮምፒውተር ጨዋታ ለማሳየት የተነሣሣ ወጣት ከቤታችሁ ይኖር ይሆናል። የወጣን ጨዋታ ሥዕልና ሥርዐት በራስ አሳብ መለወጥ በዛሬው ዘመን ሞዲንግ ይባላል። ለዚህ ሥራ ሥዕልን አሳምሮ መሣል ብቻ አይበቃም፤ ቦታውን በቁጥር መወሰን ያስፈልጋል።

ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ከፋፍለው እንደሚሥሉት ሁሉ፣ የአንድ ተዋጊ ልዩ ልዩ አኳኋንም በአንድ የሥዕል ገጽ ላይ ይደረደራል። እያንዳንዱ ክፍል ፍሬም ይባላል። ሰው ክፍሉን በዐይኑ ይለያል፤ ኮምፒውተር ግን ካልተነገረው አያውቅምና አራት ቁጥር ይጻፍለታል፤ ይኸውም ፍሬሙ ከግራና ከላይ የሚጀምርበት፣ ስፋቱና ቁመቱ ነው። መለኪያው ፒክሰል የተባለው የሥዕል ነጥብ ነው። ወደ ቀኝ የሚመለከት ተዋጊ ሦስት የእርምጃ ፍሬሞች 64 በ64 ቢሆኑ፣ ከግራ በ0፣ በ64 እና በ128 ላይ ይጀምራሉ። አራተኛው ጦር የሚሰነዘርበት ስለሆነ ስፋቱ 96 ይሆናል፤ የሚጀምረውም በ192 ላይ ነው።

አሁን ወደ አቀማመጡ እንምጣ። ቀያሽ መሬት ከመለካቱ በፊት ችካል እንደሚተክል፣ ለእያንዳንዱ ፍሬም አንድ የመቆሚያ ነጥብ ይወሰናል። ለተዋጊ የሚሻለው የእግሩ ሥር ነው፤ እርሱም በአራቱም ፍሬሞች ከግራ 32፣ ከላይ 60 ላይ ነው እንበል። ተዋጊው በጨዋታው ሜዳ 400 በ300 ላይ እንዲቆም ቢፈለግ፣ 32ቱ ከ400፣ 60ው ከ300 ይቀነሳል፤ የሥዕሉም የግራ ላይኛ ማዕዘን 368 በ240 ላይ ይውላል።

ወጣቱ ግን በእግሩ ፈንታ የስፋቱን መካከል ቢይዝ፣ በ64ቱ ፍሬሞች መካከሉም 32 ስለሆነ ስሕተቱ አይታይም። በ96ቱ ፍሬም ግን መካከሉ 48 ነውና ተዋጊው ጦር በሰነዘረ ቍጥር 16 ፒክሰል ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። በመተማ ወደ ፊት የገሠገሠ አርበኛ ከጠላቱ የሚሸሽ መስሎ ይታያል ማለት ነው።

ደግሞም ከጎንደር በኩል የዘመተው ጦር በካርታ ላይ ወደ ግራ የሚሄድ ነው። ሥዕሉ እንደ መስተዋት ቢገለበጥ የሰፊው ፍሬም የእግር ነጥብ ከግራ 64 ይሆናል፤ የቀኝ እጅ ጦርም ወደ ግራ እጅ ይዛወራል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2 ከስምንቱ አቅጣጫ አምስቱን ሥሎ ሦስቱን የሚገለብጥ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ተጨማሪ ክፍሉ ሾተል የያዙ ኢትዮጵያውያን ገብተውበታል።

እንግዲህ ታሪካችንን በራሳችን እጅ ልናሳይ የምንሻ ከሆነ፣ ልጆቻችን ከቀለሙ አስቀድመው የእግሩን ነጥብ ይወስኑ፤ ፍሬሞቹንም አንዱን በሌላው ላይ ደርበው እግሩ አለመንሸራተቱን ይመርምሩ።