ባለመሬቶቹ ባለውል ሲሆኑ፤ የኢኑፒያት ሕዝብና የሬድ ዶግ ማዕድን

በብዙ አገር ማዕድን ሲገኝ ወሬውን በመጨረሻ የሚሰማው በዚያው መሬት ላይ የኖረው ሕዝብ ነው። መሐንዲሱ ይመጣል፥ ችካል ይተከላል፥ መንገድ ይቀደዳል፤ ከዚያም ሕዝቡ ተሰብስቦ «ልማት መጣላችሁ» ይባላል። በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ነገሩ በሌላ መንገድ ስለ ሄደበት አንድ ሥፍራ ነው።

ሥፍራው ሩቅ ነው። በሰሜን ምዕራብ አላስካ፥ ከአርክቲክ ክበብ በስተ ሰሜን የሚገኝ ሬድ ዶግ የተባለ የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ማውጫ ነው። ትርጉሙ «ቀይ ውሻ» ማለት ሲሆን፥ ስሙ የተገኘው ቦብ ቤከር ከተባለ የአካባቢው አውሮፕላን አብራሪ ውሻ ነው። የወንዞቹ ዳር ዝገት የመሰለ ቀለም እንዳለው ከአየር ላይ አስተውሎ ለጂኦሎጂ ባለሙያዎች የተናገረው ይኸው አብራሪ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሬቱ የኢኑፒያት ሕዝብ አገር ነው። ኢኑፒያት ካሪቡ የተባለውን የዱር አጋዘን፥ ሲል የተባለውን የባሕር እንስሳና ቤሉጋ የተባለውን ነጭ ዓሣ ነባሪ እያደኑ፥ ዓሣ እያጠመዱ፥ በበጋ የዱር ፍሬ እየለቀሙ የኖሩ ናቸው። አደኑ ዛሬም ለእነርሱ ጨዋታ አይደለም፤ የቤት ቀለብ ነው። ከ1897 ጀምሮ የኩዌከር ሚስዮናውያን በኮትዘቡ ስለ ሠሩ፥ በአካባቢው ብዙ መንደሮች የዚሁ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ይገኛሉ።

ነገሩን ለመረዳት ከሕጉ መጀመር ያስፈልጋል። በ1966 ዊሊ ሄንስሊ የተባለ የኮትዘቡ ተወላጅ በአላስካ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፥ የአላስካ ተወላጆች በመሬታቸው ላይ ምን መብት እንዳላቸው የሚመረምር አንድ የትምህርት ጽሑፍ አዘጋጀ። እርሱና ጓደኞቹ ጥያቄውን ይዘው እስከ ዋሽንግተን ተጓዙ። በታኅሣሥ 1971 በወጣው ሕግ የአላስካ ተወላጆች ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬትና 962 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ አገኙ። መሬቱን እንዲይዙ የተቋቋሙት የአክሲዮን ኩባንያዎች ነበሩ፤ አክሲዮኑ ደግሞ እንደ ተራ ዕቃ በገበያ የሚሸጥ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ የተቋቋመው ኩባንያ ናና ይባላል። ባለአክሲዮኖቹ የአሥራ አንድ መንደሮች ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው።

በ1980 በወጣ ሌላ ሕግ ናና የሬድ ዶግን አካባቢ ከሚመርጠው መሬት ጋር አጠቃልሎ እንዲይዝ ተፈቀደለት። እንግዲህ ማዕድን ፈላጊው ኩባንያ በር ሊያንኳኳ ሲመጣ ቤቱ ባለቤት ነበረው። በእኛ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው። መከባበር የሚባለው ነገር ከመልካም ጠባይ ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ «እምቢ» ማለት የሚችልን ሰው ሁሉም ያከብረዋል።

በ1982 ናና ኮሚንኮ ከተባለው የካናዳ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ኮሚንኮ ኋላ ቴክ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስለ ተዋሐደ፥ ዛሬ ሥራውን የሚያካሂደው ቴክ ነው። በውሉ መሠረት መሬቱም ማዕድኑም የናና ሆኖ ይቀራል፤ ኩባንያው ገንዘብ አውጥቶ ይሠራል፥ ይሸጣል። ኩባንያው ያወጣውን ወጪ እስኪመልስ ድረስ ናና ከሽያጩ 4.5 በመቶ ብቻ ሲቀበል ቆየ። ወጪው ከተመለሰ በኋላ፥ ከ2007 ጀምሮ፥ ከተጣራው ገቢ 25 በመቶ ይቀበል ጀመር። ይህም ድርሻ በየአምስት ዓመቱ አምስት አምስት በመቶ እየጨመረ ግማሽ እስኪሆን ድረስ እንዲሄድ ተስማምተዋል፤ በ2022 40 በመቶ ደርሷል። ከዚህ ገቢ 70 በመቶው፥ በ1971ዱ ሕግ መሠረት፥ በአላስካ ላሉት አሥራ ሁለት የተወላጆች ኩባንያዎች ይከፋፈላል። ማዕድን ያልተገኘበት ወንድም ማዕድን ከተገኘበት ጋር ይካፈላል ማለት ነው።

ገንዘቡ ግን የውሉ ግማሽ ብቻ ነው። ሥራ ሲገኝ ብቃት ያለው የናና ባለአክሲዮን ቅድሚያ እንዲያገኝ ተጽፏል፤ ከሠራተኞቹ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ባለአክሲዮኖች የሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ከመንደሮቹ ወደ ማዕድኑ የሚወስድ መንገድ ስለሌለ ሠራተኛው በአውሮፕላን ሄዶ፥ ሳምንታት ሠርቶ፥ ተመልሶ ያርፋል። የተጣራውን ማዕድን ወደ ወደብ የሚያመላልሱት የጭነት መኪናዎች ናና ከአንድ የማጓጓዣ ድርጅት ጋር በሽርክና ያቋቋመው ኩባንያ ናቸው፤ የሠራተኛውን ምግብና ማደሪያ የሚያሰናዳውም የናና ቅርንጫፍ ነው። ማለት ከኪራይ ሰብሳቢነት አልፈው የሙያው ባለቤቶች ሆነዋል።

ወደ ቹክቺ ባሕር የሚወስደው መንገድ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባሕሩ በዓመት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 100 ቀን ያህል ብቻ ከበረዶ ስለሚላቀቅ፥ የዓመቱ ምርት ሁሉ በዚያች ጊዜ በመርከብ ይወጣል። በ1989 ሥራው ሲጀመር ብዙዎቹ የፋብሪካው ክፍሎች በሌላ ሥፍራ ተገጣጥመው በባሕር የመጡት ስለዚህ ነው።

አሁን ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን በተለይ የምንነግረው አንድ ነገር አለ። ለማዕድኑ ቅርብ ከሆኑት ከኖአታክና ከኪቫሊና መንደሮች የተውጣጡ ሽማግሌዎችና አዳኞች የሚገኙበት ኮሚቴ ተቋቁሟል። ካሪቡ በመንጋ ሲያልፍ መኪናዎቹ ይቆማሉ። መርከቦቹም የቤሉጋው አደን ጊዜ ሳያልፍ ሥራ አይጀምሩም። በብዙ ዶላር የሚገመት ጭነት ለመንጋ መንገድ ይለቃል! ካሪቡ መቼና በየት እንደሚያልፍ ከአዳኙ የተሻለ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም፤ እውቀቱ ያለው ሰው በውሳኔው ቦታ መቀመጡ ሥራውንም ጠቅሟል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ነገሩ ያለ ችግር ሄደ ብለን አንጽፍም። ገና በመጀመሪያው ዓመት ከማዕድኑ ወደ ወንዙ የገባው ብረታ ብረት ስለ ጨመረ፥ በ1991 ውኃውን የሚያሻግር ቦይ መሥራት ግድ ሆነ። በ2001 የአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ባደረገው ጥናት በመንገዱ ግራና ቀኝ በበቀለው ሽበት ላይ የእርሳስና የካድሚየም አቧራ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ መኪናዎቹ በጠንካራ ክዳን የሚዘጉ ሆኑ። የመጠጥ ውኃዋን ከታች ከዉሊክ ወንዝ የምትቀዳው ኪቫሊና ከሁሉ የበለጠ ሠጋች። በ2004 የመንደሯ ነዋሪዎች በውኃው ምክንያት ኩባንያውን ከሰሱ። በ2008 በተደረገው እርቅ የቧንቧ መሥመር ተሠርቶ ፍሳሹ ወደ ባሕር እንዲወሰድ ታስቦ ነበር፤ ቧንቧው ግን አልተሠራም፥ ኩባንያው በእርቁ የተወሰነውን መቀጫ ከፈለ። ባለአክሲዮን መሆን የወንዙን ታች ሰው ከሥጋት አያድነውም። ትርፉ ለአሥራ አንድ መንደር ሲከፋፈል ፍሳሹ በአንዲት መንደር በኩል ያልፋልና።

በአገራችን ሕጉ ሌላ ነው። በ1995 በወጣው ሕገ መንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፥ አንድ ቀበሌ እንደ ናና ማዕድን አከራይቶ ሊዋዋል አይችልም። ሆኖም በአንቀጽ 43 ሕዝቡ አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ አስተያየቱን የመጠየቅ መብት አለው። በ2018 የጉጂ ሕዝብ በለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ላይ የጤና አቤቱታ ይዞ ሲነሣ ፈቃዱ ታግዶ ነበር። ያ አቤቱታ ከሥራው በፊት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊሰማ ይችል ነበር፤ የሬድ ዶጉ ዓይነት የሽማግሌዎች ኮሚቴ ለማቋቋም የመሬት ባለቤትነት ደብተር አያስፈልግም። ጉድጓድ ስናስቆፍር ወይም ትምህርት ቤት ስናሠራ እንኳ ከብቱ በየት እንደሚያልፍ፥ ጎርፉ ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ የሚነግረን ሰው በመንደሩ አለ።

በሬድ ዶግ አሁን የሚቆፈረው ማዕድን በ2031 አካባቢ ያልቃል ተብሎ ይገመታል። ሌላ ብዙ ዚንክ በአቅራቢያው ተገኝቷል፤ ነገር ግን ያ መሬት የናና ሳይሆን የአላስካ ክፍለ ግዛት መንግሥት ነው፥ የ1982ቱም ውል እዚያ አይደርስም። መንገዱ፥ ወደቡና ፋብሪካው ያሉት ግን በዚህ በኩል ነው፤ በሚመጡት ዓመታት ሁለቱ ወገኖች እንደገና የሚነጋገሩት በዚህ ላይ ይሆናል።