አዲስ ዘዴ የሚሞክረውን ሠራተኛ እናበርታው



አዲስ ዘር ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ማሳውን በሙሉ አትዘሩበትም። ጥግ ላይ ጥቂት መሬት ትለያላችሁ። ዘርታችሁ ታያላችሁ። ካልያዘ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከያዘ ግን ለከርሞው ታሰፉታላችሁ። ጎረቤትም መጥቶ ያያል፤ እሱም ይዘራል።

የሠራተኛም ነገር እንዲሁ ነው። አስተማሪው፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛዋ አዲስ ዘዴ እንዲያመጡልን ከፈለግን፣ እነሱም የሚሞክሩባት ጥግ ያስፈልጋቸዋል።

እንበልና መደመር ለልጆች አልገባ አለ። አስተማሪው ጠመኔውን አስቀምጦ ሽምብራ አመጣ። ልጆቹ ሽምብራውን እየቆጠሩ መደመርና መቀነስ ጀመሩ። አንድ አባት ይህን አየና «ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም» አለ። ርዕሰ መምህሩም «ከመጽሐፉ አትውጣ» ብሎ ተቆጣ። ያ አስተማሪ ሁለተኛ ይሞክራል? አይሞክርም! «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብሎ ወደ ጠመኔው ይመለሳል። እሱ ደመወዙ አይቀርበትም። ትምህርቱ የሚቀርበት የእናንተ ልጅ ነው።

ታዲያ ሠራተኛን ለአዲስ ሥራ የሚያነሳሳው ምንድነው?

አንደኛ፦ ያለ ፍርሃት መሥራት ነው። ሞክሮ ያልተሳካለትን ሰው «ምን አየህበት?» ብሎ መጠየቅ እንጂ መዝለፍ አይገባም። ስንፍና ሌላ፣ ሙከራ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፦ ሐሳቡን የሚሰማው ሰው ማግኘት ነው። ይህ በፋብሪካም ታይቷል። በጃፓን አገር ቶዮታ የተባለው የመኪና ፋብሪካ በ1951 በአውሮፓ አቆጣጠር ከሠራተኞቹ የማሻሻያ ሐሳብ መቀበል ጀመረ። ጠቃሚ ሐሳብ ላቀረበም ሽልማት ሰጠ። ለምን? ማሽኑ አጠገብ የሚውለው ሠራተኛ ጉድለቱን ከአለቃው ቀድሞ ያየዋላ! ሐሳብ ተቀብሎ ዝም ማለት ግን አይበጅም። ይሁንም አይሁንም፣ ምክንያቱን መንገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ጊዜና ዕቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ቅጽ ሲሞላና ሪፖርት ሲጽፍ የሚውል ሠራተኛ የሚያስብበት ፋታ የለውም። ደመወዝም በጊዜው ይድረሰው፤ የተራበ ሰው ስለ አዲስ ዘዴ አያስብም።

አራተኛ፦ መማማር ነው። የአንዱን አስተማሪ ዘዴ ሌላው ገብቶ ይየው። ማሳን ሳያዩ ዘሩን ማመን ይከብዳል።

በትምህርት ዘዴን መለወጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የማስተማሪያ ቋንቋዎቹ 5 ነበሩ። በኋላ 15 ደረሱ። ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ነገሩ ቶሎ ይገባዋልና።

እንግዲህ እናንተም ድርሻ አላችሁ። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አስተማሪውን «መምህር፣ ምን መሞከር ይፈልጋሉ? እኛስ በምን እንርዳ?» በሏቸው። አንድ ቁና ሽምብራ ማዋጣት ለመንደሩ ሸክም አይደለም። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ታገሱ። ልጃችሁን ማታ እሳት ዳር አስቀምጣችሁ «እስቲ ቁጠር፣ እስቲ ደምር» በሉት። ዘዴው ከያዘ ይስፋፋ፤ ካልያዘ ሌላ ይሞከር። ፍርዱን ስጡ፤ ግን ካያችሁ በኋላ ይሁን!