ቀይ ክር በዘንገና

እንጅባራ አጠገብ ካለው ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ውኃው ወለል ያለው አይመስለውም። አለው፤ 166 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ለብርሃን ግን ወለሉ ከዚያ እጅግ ቅርብ ነው።

ተረት፦ ዓይናችን ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለውን ብርሃን ብቻ የሚያየው ፀሐይ ከሁሉ አብዝታ የምትልከው እሱን ስለሆነ ነው።

እውነታው፦ ይህ ግማሽ መልስ ነው። ከፀሐይ ከሚደርሰን ኃይል ግማሽ ያህሉ የማናየው ኢንፍራሬድ ነው። ነገሩ በብዛት ብቻ ቢሆን እሱንም ባየን ነበር።

ሌላው ግማሽ መልስ ውኃ ነው። ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት መጀመሪያ ዓይን ያወጡት እንስሳት በባሕር ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ውኃ ደግሞ ሁሉን ጨረር አያሳልፍም። አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ገና ከላዩ ውጦ ያስቀረዋል፤ ነፋስ በሌለበት ቀትር የሐይቅ ላዩ ለብ ብሎ ከሥር የሚቀዘቅዘውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በይበልጥ የሚያሳልፈው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን፣ ማለትም የምናየውን ብርሃን ነው፤ ከዚያም ቢሆን ቀዩ ቶሎ ያልቃል። ድንጋይ ላይ ቀይ ክር አስራችሁ በጠራ ውኃ ብታወርዱት፣ አሥር ሜትር ገደማ ሲደርስ ይጠቁራል። ክሩ ቀለም አለቀቀም፤ ቀይ ብርሃን ነው ያለቀበት። እኛ ከባሕር ከወጣን ቆይተናል፣ ዓይናችን ግን ዛሬም ውስጡ ውኃ ነው።

የጉልበትም ጉዳይ አለ። ዓይን ውስጥ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ሬቲናል የሚባል ሞለኪውል አለ፤ ብርሃን ሲነካው ከተጣመመበት ይቃናል፣ ከዚያ ነርቭ መልእክቱን ይወስዳል። ኢንፍራሬድ ይህን ለማቃናት አቅም ያንሰዋል። ብርቱው አልትራቫዮሌት ደግሞ ሕዋስ ያበላሻል። የገላን ሙቀት እናይ ቢሆን ኖሮማ፣ የገዛ ዓይናችን ሙቀት ጋርዶን በቀረ! የማየት ድንበር ግን ለሁሉ አንድ አይደለም፤ ንብ አልትራቫዮሌትን ታያለች፣ ቀይን አታይም።

ተረት፦ የጅብ ዓይን በሌሊት ያበራል።

እውነታው፦ አያበራም። ከሬቲናው ጀርባ መስታወት መሰል ሽፋን አለው፤ የአገው ፈረስም አለው። ያንን ሽፋን የሚያበራው የእናንተው ባትሪ ነው። ባትሪውን አጥፉት፣ የጅቡም ዓይን አብሮ ይጠፋል።