ስልኩ የማያርፈው ሥራ አስኪያጅ

ለድርጅቶች ኃላፊ በማፈላለግ የሚተዳደር አንድ ወዳጄ መገናኛ ቢሮው ሥር ካለው ካፌ ተቀምጠን ያጫወተኝ ነው። ኮተቤ አካባቢ ያለ አንድ ማምረቻ ዋና ሥራ አስኪያጅ ፈልጎ ነበር። ለመጨረሻው ዙር የደረሰው ዕጩ ከቦርዱ ጋር በተቀመጠባቸው 40 ደቂቃዎች ውስጥ ስልኩ ስድስት ጊዜ ጠራ። ሰውየው ይቅርታ እየጠየቀ አነሳ፤ «አዎ፣ ይከፈል»፣ «አይ፣ እኔ እስክመጣ ይቆይ»፣ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው»። የቦርዱ አባላት ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው ተባብለው ቀጠሩት። ዓመት ሳይሞላው ተለያዩ።

«ምክትል እንዳላፈራ ስልኩ ነግሮን ነበር እኮ» አለኝ ወዳጄ ማኪያቶውን እያማሰለ። «እኛ ሲቪውን እናነባለን።»

እኛ ዘንድ የኃላፊ ቅጥር ከወረቀት ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያልቃል። የወረቀቶቹ ሁሉ ቁንጮ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንዲሰጥ የሚያስገድደው ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው። ሥራው እንዴት እንደተሠራ አይጠየቅም። የሥራ መሪዎችንማ አዋጁ ጭራሹን አይመለከታቸውም፤ የእነሱም ደብዳቤ ግን በዚያው ቅርጽ ይጻፋል። መጨረሻው ላይ ጣል የምትደረገዋ የመልካም ሥነ ምግባር መስመር ለሁሉም ትደርሳለች። አስቸጋሪ ኃላፊን በሰላም ለመሸኘት ከእሷ የረከሰ ስጦታ አልተገኘም።

ባንኮች ዘንድ አንድ ተጨማሪ ወንፊት አለ። ቦርዱ የመረጠውን ፕሬዚዳንት ብሔራዊ ባንክ ካላጸደቀው ሹመቱ አይጸናም። ወንፊቱ የማይገባውን ያስቀራል፤ ካለፉት መካከል የትኛው እንደሚበልጥ ግን አይናገርም። ቦርዶችም አደጋ ላለመጋፈጥ አንድ ጊዜ ያለፈውን ስም ይመርጣሉ። ከ30 በላይ ባንኮች ባሉበት ገበያ የታወቁ ፊቶች ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩት ለዚህ ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ሲገቡ የሚሻሙት እነዚሁኑ ሰዎች ነውና ዋጋቸው መናሩ አይቀርም።

በተለየ መንገድ የሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ያስተዳደሩት አሜሪካውያን ነበሩ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የተሾሙት ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መጋቢት 2014 ዓ.ም. አቶ ተወልደ ገብረማርያም በጤና ምክንያት ድንገት ሲለቁ አቶ መስፍን ጣሰው ወዲያው በቦታቸው ተተኩ። አቶ መስፍን በመሐንዲስነት ተቀጥረው ወደ 38 ዓመት የሠሩ፣ በዚያን ጊዜም ሎሜ ላይ አስካይ አየር መንገድን የሚመሩ ሰው ነበሩ። ማስታወቂያ አልወጣም፤ ተተኪው ቀድሞ ሌላ ድርጅት ተሰጥቶት እየተፈተነ ነበርና።

ከካፌው መስኮት ወደ ሰሜን የሚታየው የእንጦጦ ሰንሰለትም ይህንኑ ዘዴ ያውቀዋል። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚያ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን የሰጡት ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበር፤ በጦርነት ተማርኮ ቤተ መንግሥት የገባ፣ ጌታው ለዓመታት ሲሠራ ያዩት ሰው። ዘመዱ ማን ነው ተብሎ ቢመዘን ኖሮ ከበር ይመለስ ነበር።

ከቤት ማሳደግ ግን ሁልጊዜ መድኃኒት አይሆንም፤ ቤቱ ራሱ ከታመመ የሚያድገውም በሽታውን ተምሮ ነው። ለኔ የተሻለው ቤቱን አውቆ ከውጭም ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። አቶ ግርማ ዋቄ አየር መንገዱን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ሊመሩ የተመለሱት በገልፍ ኤርና በዲኤችኤል ሠርተው ነው።

ወዳጄ አሁን ዕጩ ሲቀርብለት የሚያደርገው ተለውጧል። በዕጩው ፈቃድ ቀድሞ ወደሠራበት ቤት ይሄዳል፤ አለቆቹን አይደለም የሚፈልገው። ገንዘብ ያዧን፣ የመጋዘን ኃላፊውንና የለቀቀውን ወንበር የወረሰውን ሰው ያነጋግራል። የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ማን ይፈርም ነበር? መጥፎ ወሬ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሱ ነበር ወይስ ከእሱ ይደበቅ ነበር? በእጁ ያደጉት ሰዎች ዛሬ የት ናቸው? ዕጩውንም አንድ የተበላሸበትን ውሳኔ በቀኑና በብሩ መጠን እንዲተርክለት ይጠይቀዋል። «ቡድናችን ተሳስቶ» ብሎ የሚጀምርም አለ፤ ወዳጄ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

የኮተቤው ማምረቻ ግን ሌላ ኤጀንት ይዟል። ማስታወቂያው ባለፈው ሳምንት እንደገና ወጥቷል፤ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ከ10 ዓመት ወደ 12 ከፍ ብሏል።