ማዮት፦ ነጻነትን እምቢ ያለች ደሴት

በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ አራት ደሴቶች አሉ፤ ግራንድ ኮሞር፣ አንዧን፣ ሞሄሊና ማዮት። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ ቋንቋቸው ይቀራረባል፤ እርስ በርስ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። ሦስቱ የኮሞሮስ አገር ናቸው። ማዮት ግን የፈረንሳይ 101ኛ ክፍለ ግዛት ናት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳይ ማዮትን ያገኘችው በ1841 ነው፤ ከጎረቤት ገዢዎች ጋር መናቆር የሰለቸው ሱልጣን አንድሪያንሶሊ በዓመት አበል ለወጣት። ሌሎቹ ሦስት ደሴቶች በሞግዚትነት ሥር የወደቁት በ1886 ነበር። ማዮት በሌሎቹ ደሴቶች ላይ የያዘችው ቂም የጠነከረው ግን ኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከማዮቷ ዛውድዚ ተነሥቶ ወደ ግራንድ ኮሞሯ ሞሮኒ ሲዛወር ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ ደመወዙም አብሮ ሄደ። ከሁሉ በፊት የተቆጡት ሴቶቹ ነበሩ። በዜና መዴሬ የሚመሩ እናቶች ከሞሮኒ የሚመጣውን ባለሥልጣን ከብበው፣ ተሳፍሮ እስኪመለስ ድረስ ይኮረኩሩት ነበር። በታሪክ የሚታወቁትም ‘ኮርኳሪዎቹ’ ተብለው ነው። ለሚኮረኩሩ እናቶች ደግሞ የትኛው ሹም ጥይት ይተኩሳል? የማዮት ስሜት የፓሪስ ፈጠራ ነው የሚሉ ሁሉ እነዚህን ሴቶች ይዘነጓቸዋል።

በታኅሣሥ 1974 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከአራቱ ደሴቶች ድምፅ ወደ 95 በመቶው ነጻነትን መረጠ፤ ማዮት ውስጥ ግን 64 በመቶ ያህሉ እምቢ አለ። ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ድምፁ የሚቆጠረው ባንድ ላይ ነው ወይስ በየደሴቱ? የፈረንሳይ ፓርላማ በየደሴቱ ይሁን ሲል፣ የደሴቶቹ መንግሥት መሪ አህመድ አብደላ ሐምሌ 6 ቀን 1975 የኮሞሮስን ነጻነት በራሳቸው አወጁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሪቱን ከነአራት ደሴቶቿ ተቀበላት። የካቲት 6 ቀን 1976 የጸጥታው ምክር ቤት በዚሁ በማዮት ጉዳይ ሊወስን ሲል ፈረንሳይ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ አገደች፤ ከሁለት ቀን በኋላ በተደረገ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ማዮት በ99 በመቶ ‘ከፈረንሳይ ጋር’ አለች።

አፍሪካ ይህን መቀበል አልቻለችም። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ፣ ከቅኝ ግዛት የተወረሰ ድንበር አይነካም ብሎ ወስኖ ነበርና።

እኔ የማዮትን ድምፅ እውነተኛ ነው እላለሁ፤ የፓሪስን መርሕ ግን አላምነውም። በ1997 አንዧን ከኮሞሮስ ተገንጥላ የፈረንሳይን ባንዲራ ስትሰቅል ፓሪስ ዘወር ብላ አላየቻትም። የደሴት ሕዝብ ፈቃድ ያን ጊዜ የት ሄደ?

ኮሞሮስ በበኩሏ በመፈንቅለ መንግሥትና በቅጥረኛ ወታደሮች ስትታመስ ኖረች፤ ይህም የማዮትን ሰው በምርጫው አጸናው። በ2009 ከመረጡት 95 በመቶው ሙሉ ክፍለ ግዛትነትን ደገፈ። ያም ሆኖ ደሴቲቱ የፈረንሳይ ድሃዋ ክፍል ናት፤ በ2017 ቆጠራ ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከእነዚያው ጎረቤት ደሴቶች የመጡ። በ2022ቱ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሙስሊሟ ማዮት ስደተኞችን አጥብቃ ለምትቃወመው ለማሪን ለ ፔን 59 በመቶ ድምፅ የሰጠችው ይህ ፍልሰት በፈጠረው ምሬት ነው።

አንዧን ከማዮት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከ1995 ወዲህ ግን መሻገሪያው ቪዛ ይጠይቃል፤ ቪዛ ያጣው ‘ኳሳ ኳሳ’ በምትባል ጀልባ ሌሊት ይሻገራል፣ ብዙዎችም ሰጥመው ቀርተዋል። የአፍሪካ ኅብረት ዛሬም ማዮትን የኮሞሮስ ግዛት አድርጎ ይቆጥራታል።