ስሙ ስለ ተሰወረ ሆቴልና ስለ ክፍል ጨረታ

በመተማ ዮሐንስ ከተማ፣ ከጋላባት ድንበር ብዙም በማይርቅ ሠፈር፣ አክስቴ ዘጠኝ አልጋ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ቤት አላቸው። ከዘጠኙም አራቱ በግቢው ውስጥ ከሰማይ በታች የተዘረጉ ናቸው፤ በቆላው ሙቀት ከቤት ይልቅ ደጅ መተኛት ይመረጣልና። አንድ ዓመት የሰሊጥ አጨዳ ካለቀ በኋላ በዕረፍቴ ከእርሳቸው ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ የቀን ሠራተኛ ከበሩ ቆሞ፣ «እትዬ፣ በግማሽ ዋጋ አያሳድሩኝም?» ሲል ጠየቀ። አምስት አልጋ ባዶ ነበር። አክስቴ እንቢ አሉት፤ ሰውዬውም ምንም ሳይከራከር ሄደ። እኔም ነገሩ ስላልገባኝ፣ «ባዶውን ከሚያድር ግማሹ አይሻልም ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዛሬ በግማሽ ያደረ ነገ ለጓደኞቹ ይነግራል፤ ከነገ ወዲያ የአልጋዬ ዋጋ ግማሹ ሆነ ማለት ነው» አሉኝ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የአክስቴ ችግር በሌላ አገር በምን ዘዴ እንደ ተቃለለ፣ ዘዴውም በእኛ ከተሞች ምን ያኽል ሊሠራ እንደሚችል ለማስረዳት ነው። ዘዴው በኢንተርኔት የሚደረግ የሆቴል ክፍል ጨረታ ነው።

አስቀድሞ የሸቀጡን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። የመተማ ገበሬ ሰሊጡን ዛሬ ዋጋ ባያገኝለት በመጋዘን አኑሮ ሊጠብቅ ይችላል፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የሚያገበያየው በመጋዘን የገባውን እህል ነው። አልጋ ግን መጋዘን የለውም። ዛሬ ሌሊት ባዶውን ያደረ አልጋ ነገ እንደ ትናንት ሌሊት ሆኖ አይሸጥም። በሌላ በኩል አንድ ተጨማሪ እንግዳ ለማሳደር የሚወጣው ወጪ አንሶላ ከማሳጠብ፣ ከውሃና ከሳሙና ብዙም አያልፍም፤ የቤቱ ኪራይና የዘበኛው ደመወዝ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የሚከፈል ነው። ስለዚህ ከአንሶላው እጥበት በላይ የሆነ ዋጋ ሁሉ ለባለቤቱ ትርፍ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አክስቴ ተሳስተዋል ማለት ነበር። ነገር ግን ሙሉውን ለመክፈል የተዘጋጀው እንግዳ ርካሹን ዋጋ ከሰማ እርሱም ያንኑ ይጠይቃል። የሆቴል ባለቤት ፍላጎት እንግዲህ ይህ ነው፤ በርካሽ ካልሆነ የማይመጣውን ሰው በርካሽ ማስገባት፣ ሌላው ግን ይህን እንዳይሰማ ማድረግ።

በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ፕራይስላይን የተባለ ኩባንያ ለዚህ መላ አመጣ። ገዢው ከተማውን፣ የከተማውን ክፍል፣ የሆቴሉን የኮከብ ደረጃና ቀኑን ይመርጣል፤ ከዚያም የሚከፍለውን ዋጋ ራሱ ይጠራል፤ የክሬዲት ካርዱንም ቁጥር አስቀድሞ ይሰጣል። የሆቴሉን ስም ግን አያውቅም። ዋጋው ተቀባይነት ካገኘ ገንዘቡ ወዲያው ይቈረጣል፤ ስሙም የሚነገረው ከተከፈለ በኋላ ነው። ሐሳቤን ቀይሬአለሁ ቢል ገንዘቡ አይመለስለትም። ዋጋው ካልተወደደለት ደግሞ ሠፈሩን ወይም ደረጃውን ወይም ቀኑን መለወጥ አለበት፤ አለዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው የሆቴሉ ሹም ቁጭ ብሎ የቀረበለትን ዋጋ የሚመዝን ይመስለው ነበር። እውነቱ እንደዚያ አልነበረም። ሆቴሎቹ «ከዚህ በታች አንሸጥም» የሚሉትን ዋጋ አስቀድመው ለኩባንያው በምስጢር ይሰጣሉ፤ ገዢው ከዚያ በላይ ከጠራ ጨረታው ያልፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለውም ልዩነት ለኩባንያው ይቀራል። የከብት ገበያ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ የሻጩን የመጨረሻ ዋጋ በሆዱ ይዞ ገዢውን «እስቲ አንተ በል» የሚለው ደላላ ማለት ነው።

በጋዜጣ ከምናነበው «በታሸገ ኤንቨሎፕ» ከሚለው ጨረታም ልዩነት አለው። በእኛው ጨረታ ሻጩ አንድ፣ ተጫራቾቹ ብዙ ናቸው፤ የሚሸጠውም ቤት ወይም መኪና ቀርቦ ይታያል። በዚያኛው ግን ገዢው አንድ፣ ሻጮቹ ብዙ ሲሆኑ የሚታይ ዕቃ የለም። በምሥራቅ አገራችን የሶማሌ ከብት ነጋዴዎች በጨርቅ ሥር በእጅ ጣት ሲገበያዩ የሚደብቁት ዋጋውን ነው፤ ግመሉ ግን ከፊታቸው ቆሟል። እዚህ የተደበቀው ግመሉ ነው።

ተጫራቾቹም ዝም አላሉም። የተመረጠው ደረጃ ሆቴል የማይገኝበትን ሠፈር በዝርዝራቸው ላይ እየጨመሩ፣ ምንም አደጋ ሳይደርስባቸው በዚያው ቀን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ዋጋ መጥራት እንደሚችሉ ደረሱበት። እኔ ይህን ሳነብ ስቄአለሁ፤ የመርካቶ ሰው የፈለሰፈው ይመስላል። ኩባንያው ይህን ዓይነቱን ጨረታ ለአውሮፕላን ቲኬት በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሌላ ዓይነት ነው፤ ዋጋው በግልጽ ይጻፋል፣ የሆቴሉ ስም ብቻ ይደበቃል።

አሁን ወደ ታሪካዊ ሆቴሎች እንምጣ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። በቺካጎ ከተማ ፓልመር ሃውስ የሚባል ሆቴል አለ። በ1871 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ13 ቀኑ በታላቁ ቃጠሎ ወደመና እንደገና ተሠራ። ዛሬ ከ1600 በላይ ክፍል አለው። ይህን ያኽል ክፍል በየሌሊቱ መሙላት አይቻልም፤ በአካባቢውም በደረጃ የሚመስሉት ሌሎች ሆቴሎች ስላሉ ስሙ ቢደበቅ ማን እንደ ሆነ ወዲያው አይለይም። እንዲህ ባለ ከተማ ሰውዬው በዝቅተኛ ዋጋ ገብቶ በታሪክ ቤት ሊያድር ይችላል።

በእኛ አገር ግን የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል እናስብ። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል እንደ ሆነ ይነገርለታል፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ከፊሉ ተጎድቷል፤ የጃዝ ሙዚቃ ይሰማበት የነበረው ጃዛምባ የተባለው አዳራሹም ተቃጥሏል። ወደዚህ ሆቴል የሚሄድ ሰው የሚከፍለው ለአልጋው ብቻ አይደለም፤ ለስሙ ነው። ስሙን ደብቆ መሸጥ የሚሸጠውን ነገር ራሱን መደበቅ ነው። «በፒያሳ የሚገኝ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሆቴል» ብሎ ቢያስታውቅም ሁሉም ያውቀዋል፤ ምስጢሩ ፈረሰ። እንግዲህ ዘዴው የሚሠራው አንዱን ከሌላው ለመለየት በማይቻልበት ቦታ ሲሆን፣ ታሪካዊ ሆቴል ደግሞ ዋጋ የሚያገኘው ከሌላው በመለየቱ ነው። በጎንደርም በጥምቀት ሰሞን አልጋ ስለሚጠፋ ጨረታ አያስፈልግም፤ በክረምት ደግሞ የሆቴሉ ስም ለማንም አይሰወርም። በብዙ ሆቴሎቻችን የሚታየው፣ ለውጭ አገር ሰው አንድ ዋጋ፣ ለአገር ሰው ሌላ ዋጋ የመጠየቅ ልማድ ከዚሁ ፍላጎት የመጣ ይመስለኛል፤ ነገር ግን በግልጽ ስለሚደረግ ቅሬታ ያስነሣል።

ስለ መተማ ብዙ መናገር አያሻም። በአንድ መንገድ ዳር በተሰለፉ ቤቶች፣ ማን ዘንድ ማን እንዳደረ ጧት ቡና ሳይፈላ በሚታወቅበት ከተማ፣ ስሙን የሚሰውር ማረፊያ ቤት አይኖርም። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛም ክሬዲት ካርድ የለውም። ያ በግማሽ ዋጋ የጠየቀው ሰው በዚያ ሌሊት የት እንዳደረ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል፤ አክስቴን ግን በሒሳባቸው ልወቅሳቸው አልቻልኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ወጣት መጣ። ወባ አሞት እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ዋጋ አልጠየቀም፤ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብቻ አለ። አክስቴም «ቤት ለእንግዳ» ብለው በግቢው ካሉት አልጋዎች በአንዱ ላይ አስተኙት፤ ሾርባም ሰጡት፤ ጧትም አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም። እኔ የፊተኛውን ሰው አስታውሼ፣ «ይህስ ለጓደኞቹ አይነግርም?» ብላቸው፣ «ይንገራ! በነፃ ማሳደር ዋጋ አይደለም» አሉኝ።